ኮምፓስህን የወሰደው ሰው

ደምሴዬ፣

«ለጤናህ እንደምን ከረምክ» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን አነሳሁት። ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፍ እንደሆነ እንጃ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብሎናል፤ ለማን ሲሆን ነው ብለን ግን አልጠየቅነውም። እንግዲህ ሰላም ላንተ ይሁን። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሦስት ጥምቀት አልፏል። ከጉልበቴና ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን ደህና አይደለሁም። ፊደሌ መጣመሙን ታየዋለህ፤ ድሮስ መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል ብለህ እንዳትስቅብኝ።

ጉሙ ከንጋት ጀምሮ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። የጎረቤቴን የእትዬ ዘነቡን ጣራ እንኳ ከዚህ ሆኜ አላየውም፤ ዶሮዎቹም ከቆጥ አንወርድም ብለዋል። በዚህ ጉም ውስጥ አንድ ሰው ያንተን ኮምፓስ ይዞ ከሸንተረሩ መነሻ ወዳለው ጥድ ወጥቷል። የሚሄድበትን የአቅጣጫ ቁጥር የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ካልተመለሰ ልጃችን ብሩክ ይተርፋል። ከተመለሰ ግን ወይ ብሩክን፣ ወይ የሌላዋን እናት ልጅ ይወስዳል። ሱፍ ልፍተል ብዬ ብቀመጥ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝና ላንተ ልጻፍ አልኩ። ይህን ነገር ልነግረው የምችለው ሰው አንተ ብቻ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ፣ አታወራብኝም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከምድጃው በላይ ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ አሁን በአልጋው በኩልም ጀምሯል። ውሻህን መቻልን ባለፈው ክረምት ጅብ በላው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ የሚጮህልኝ የለም። ሬዲዮናችን ባትሪ ካጣ ቆይቷል፤ ቢናገርም የሚናገረው ስለ ጦር ሜዳ ነው። ስኳር ከተገኘ የሚገኘው ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነው፤ ሰልፉ ላይ የምንቆመው ደግሞ ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ነን። ጢም ያቀመቀመ ልጅ አንኮበር ውስጥ አታይም። ገሚሱን አፈሳ ወሰደው፣ ገሚሱ ተደብቋል። በቀደም መሪጌታ አርፈው ቃሬዛቸውን የተሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዳገቱ ላይ እየደጋገሙ መሬት አሳረፏቸው። እኔም ከኋላ ሆኜ፣ እኔን ደግሞ ማን ይሸከመኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አየህ፣ እዚህ ደርሰናል።

አንተን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የእብደት ጨዋታህ ነው። ጣርማ በር መንገድ ላይ የቀያሾች ረዳት ሳለህ አለቃህ ጡረታ ሲወጣ ያንን ኮምፓስ ሰጠህ፤ ከዚያ ወዲህ ከኪስህ ተለይቶ አያውቅም። ለሥራ አንኮበር ስትመጣ እናቴ ቤት ተከራየህ። አንድ እሑድ ኮምፓሱን መዳፌ ላይ አስቀምጠህ አንድ ቁጥር ነገርከኝና፣ ጀርባሽን ለጥዱ ሰጥተሽ ይህን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፣ የምታገኚው ያንቺ ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ ይሄ ሰው ጤና የለውም አልኩ። ግን ሄድኩ። ከሸንተረሩ ጫፍ፣ ትልቁ ድንጋይ ሥር፣ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘሁ፤ ውስጡ የወይራ ሚዶ ነበር። ደስ ብሎኝ ይዤው ልመለስ ስል ለካ ከኋላዬ ተከትለኸኝ ኖሯል፣ የወሰደ ይተካል አልከኝ። ምን ልተካ? የአንገቴን ዶቃ ፈትቼ ከተትኩልህ። እንዲህ ነው ያጨኸኝ፤ ሽማግሌ የላክኸው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተጋባንም በኋላ አልተውከውም። ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ወደ ቤቱ፣ እኛ ወደ ገደሉ። ጣርማ በር ከዋሻው መንገድ በላይ አንድ ጣሳ፣ ደብረ ሲና መውረጃው ላይ አንድ፣ ደብረ ብርሃን ወንዙ ዳር አንድ። አንዳችን እንደብቃለን፣ ለሌላው ቁጥሩን ብቻ እንነግረዋለን፤ ያገኘ ያገኘውን ይወስዳል፣ በምትኩ የራሱን ያስቀምጣል። ትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ ስንጫወት እናቴ በሀፍረት ታልቅ ነበር። ጎረቤቱም ወርቅ ፍለጋ ነው ብሎ አማን። ወርቅ ብናገኝ ኖሮ በዚህ ጣራ ሥር እቀመጥ ነበር እንዴ?

የአያ ወልዴን ነገርስ ታስታውሳለህ? መንገድ ዳር የደበቅነውን ጣሳ የጠፋ በሬ ሲፈልጉ አገኙት። ከፍተው ቢያዩ ቀይ ክርና አዝራር፤ መተት ነው ብለው ጥለውት ሮጡ። በማግስቱ ቄስ መጥተው ጠበል ተረጨ፣ መንደሩም መንገዱን ቀየረ። እስከ ዛሬ በዚያ ድንጋይ በኩል የሚያልፍ የለም፤ ሣር በቅሎበታል። አንተ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ፤ ደግሞ አዘንክና ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው አልክ። ምን ቆርጦህ፣ ቀጥቅጠው ነው የሚገድሉን ብዬ ያዝኩህ። እንኳንም ያዝኩህ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ከድንጋይ ሥር ያለ ጣሳ የሚነካ ገበሬ የለም።

የብረቱንም ነገር ላንሳው፤ የዛሬው ጉድ የተወለደው ከእሱ ነው። ኮምፓሱን ከመስጠትህ በፊት ሁልጊዜ፣ ብረትሽን አውልቂ ትለኝ ነበር። ቢላም ሆነ ቁልፍ፣ ብረት ሲጠጋው መርፌው ይስታል ብለህ። እኔ ደግሞ መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ? ብሩክ ገና ጡት ሳይጥል፣ ልክ እንደ ዛሬው ጉም በሆነበት ቀን፣ ስመለስ ሣር አጭዳለሁ ብዬ ማጭዴን ከመቀነቴ ሻጥ አድርጌ ሚዶውን ወዳገኘሁበት ድንጋይ ሄድኩ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከጥዱ ተነስቶ በዚያች ቀጭን ሸንተረር ላይ ነው፣ በቀኝም ገደል፣ በግራም ገደል። እኔ መርፌውን አምኜ ልቤን ጥዬ እሄዳለሁ። ድንገት ነጠላዬን ከኋላ ይዘህ ጎተትከኝ። ከእግሬ ሥር ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ፤ ሲያርፍ አልተሰማም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህክብኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ አለቀስክ። ማጭዴንም ወስደህ ገደል ጨመርከው። ቅቤ ሸጬ የገዛሁትን ማጭድ ብዬ እኔ ደግሞ በተራዬ ተቆጣሁህ።

ተፈራም ያን ቀን አብሮን ነበር፤ ጥዱ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ስለነበር ምኑን እንዳየ፣ ምኑን እንደሰማ አላውቅም። ተፈራን መቼም አትረሳውም። ሥራ ላይ ሜትር የሚይዝልህ፣ ከእኛ ሌላ ድብብቆሹን የሚያውቅ አንድ ሰው። ብሩክን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ አበልጃችን። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ብርቱካን ይዞ እየመጣ፣ እየላጠ በእጁ ያጎርስህ ነበር። ይህን አልክድም። አንተ ካረፍክ በኋላ ግን ለሥልጠና ላኩትና ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ተመለሰ። የዚህ አገር የውትድርና ምልመላ ኃላፊ ሆኗል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም አበልጄ ብሎ ዝቅ ብሎ ነው የሚስመኝ። ስንሳሳም ሽጉጡ ጎኔን ይወጋኛል።

ብሩክ ዘንድሮ ዕድሜው ደረሰ። ስሙ መጠራቱን እንደሰማሁ እዚህ አላሳደርኩትም፤ አሊዩ አምባ አወረድኩት፣ በርበሬና ጥጥ ከምንገዛበት ወዳጅህ ከሰይድ ዘንድ። ሰይድ ልጁን ሲያይ ምን ሆናችሁ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። የደምሴ ልጅ አማናዬ ነው፣ ወላሂ ከልጆቼ አልለየውም አለኝ። እኔ በየጊዜው ቆላ ብመላለስ ነገሩ ይነቃል። እናም ያንተ ጨዋታ ትዝ አለኝ። ወደ አሊዩ አምባ በሚያወርደው ገደል ወገብ ላይ ያለውን ሌላውን ጣሳችንን ብሩክ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በገበያ ቀን እንጨት ለቀማ ብዬ ወርጄ በሶ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ ከታች ወጥቶ ይወስዳል፣ በምትኩ ጥጥ ይተካልኛል። ጥጥ ካገኘሁ ልጄ ደህና ነው። ቤት ይዤው እገባና አሸተዋለሁ፤ ሞኝ አትበለኝ። ከዚያ እፈትለዋለሁ። ሲጠራቀም ጋቢ አሠራለታለሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ጣሳውን ስከፍት ጥጥ የለም። ያለው የጥይት ቀለህ ነው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አገላበጥኩት። ቀለሁ ተወልውሏል፣ ያብረቀርቃል። ገበሬ እንዳይሆን፣ ገበሬ ጣሳ ሲያይ መተት ነው ብሎ ይሸሻል። ሽፍታ እንዳይሆን፣ ሽፍታ በሶውን ወስዶ ጣሳውን ይወረውራል እንጂ ምትክ አያስቀምጥም። የወሰደ ይተካል የሚለውን የሚያውቅ ሰው ከእኔና ከብሩክ ሌላ በሕይወት ያለው አንድ ነው። በሳምንቱ ሰይድ በአንድ በርበሬ ነጋዴ በኩል፣ ልጁ ደህና ነው፣ ነገር ግን ሲመጣ ጣሳው ውስጥ በሶ አላገኘም ብሎ ላከብኝ። ብሩክ ከእንግዲህ ወደዚያ እንዳይወጣ መልሼ ላክሁ። ከዚያ ቤቴ ተቀምጬ ተፈራን መጠበቅ ጀመርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ሽጉጡን ከነቀበቶው ፈትቶ ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለ፤ መቼም ሰው ቤት ታጥቆ አይበላም፣ ያደገበት ነው። አንተ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ አበልጄ በሶሽ ይጣፍጣል፣ ጨው ብቻ አንሶታል አለኝ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገሩን ዘረጋው። ብሩክን መያዝ አይፈልግም፤ እንዴት ብሎ፣ በእጁ ክርስትና ያነሳው ልጅ! ችግሩ ከላይ የሚጠይቁት ኮታ ነው፣ አንድ ሰው ጎድሎበታል። የብሩክን ስም ሊያጠፋልኝ ይችላል፤ ግን የወሰደ ይተካል አይደል አበልጄ፣ ምትኩን አንቺ ታሳዪኛለሽ አለኝ። ያንተን ቃል ነው የተናገረኝ ደምሴ። ዶቃዬን ያስፈታኸኝን ቃል። አፉን በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

የፈለገው የዘነቡን ልጅ ታደሰን ነው። የት እንደተደበቀ እንደማውቅ ገብቶታል፤ እውነትም አውቃለሁ። ከቤታቸው ኋላ ካለው የድንች ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሲያስለው በአጥሩ በኩል ይሰማኛል፣ በተሰማኝ ቁጥር እኔም ሰው እንዳይሰማው ዘነዘናዬን አንስቼ ባዶ ሙቀጫ እወቅጣለሁ። ዘነቡ ከእሱ ሌላ የላትም። አንተ ስታጣጥር እግርህን ስታሻሽ ያነጋችው እሷ ናት። ተፈራ እስከ ሐሙስ አስቢበት ብሎኝ ታጥቆ ወጣ።

አሰብኩበት፤ ሌላ ምን አለኝ። ውሃ ስቀዳም፣ ሱፍ ስፈትልም ያንኑ ነው የማስበው። ብሩክን ልስጥ? ሞቼ ነው። ታደሰን ልስጥ? ከዚያ በኋላ ዘነቡን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ። እግዜርንም አንተንም ጠየቅሁ። እነሆ ሐሙስ ሆነ፣ ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ጉሙ ገጠመኝ። ያን ጊዜ ማጭዴ ትዝ አለኝ።

ተፈራ ሲመጣ ቂንጬ አቀረብኩለት። ሽጉጡን እንደ ልማዱ ሰቅሎ በላ። ታደሰ ከሚዶው ድንጋይ ሥር ካለው ጉድባ ውስጥ ነው አልኩት። በታች በአህያው መንገድ ከመጣህ ያይህና ይሸሻል፤ አሁን ጉሙ ሳይነሳ ከጥዱ ተነስተህ በሸንተረሩ ላይ ከሄድክ ግን ሳያይህ ትደርስበታለህ አልኩት። ሣጥኑን ከፍቼ ኮምፓስህን ሰጠሁት፣ ቁጥሩን ነገርኩት። ቁጥሩ እውነተኛው ነው፤ ስንት ዓመት ቢሆነኝ አልረሳሁትም። ስምሽ እንዳይነሳ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ሚሊሺያዎቹን ከታች ሰፈር ትቻቸዋለሁ አለኝ። እኔ ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ እሱ ካፖርቱን ለበሰ። ወደ በሩ ስመለስ ሳመኝና ወጣ። ብረትህን አውልቅ ማለት ነበረብኝ። አላልኩትም። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጉሙ ዋጠው።

ይኸው ከዚያ ጀምሮ ጆሮዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ። የወደቀ ሰው እዚህ ድረስ አይሰማም፣ አውቃለሁ፤ ግን እሰማለሁ። ምን ሆንኩ እኔ? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞረው እኔ የሺ፣ ሰው ገደል ላክሁ ማለት ነው? የተፈራ ትንሿ ልጅ አገኘችኝ ማለት እማማ የሺ እያለች ቀሚሴ ሥር ነው የምትገባው። ብርቱካን ሲልጥልህ የነበረው እጁ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያ ቀለህ ይመጣብኛል። ይውደቅ እላለሁ። አይውደቅ እላለሁ። ፈርቻለሁ ደምሴዬ። በሩ ደግሞ በነፋሱ እየተንቋቋ አላስጽፍ አለኝ፣ ልዝጋው መጣሁ።

ዘጋሁት። ቆይ፣ ትንፋሼ ይመለስ።

ሽጉጡ ከበሩ ኋላ አለ። ከነቀበቶው፣ ከነአፎቱ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ስለነበር ከኋላው ያለውን አላየሁም፤ ካፖርቱንም ለብሶ ስላየሁት ታጥቋል ብዬ ነው። አሁን ነው የገባኝ። ሲስመኝ ጎኔን ምንም አልወጋኝም። ያ ሰውዬ ደግሞ ሽጉጡን የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ቀበቶውን ሳይነካ አይራመድም። ያን ቀን ስለ ብረት ያልከኝን ጥዱ ሥር ሆኖ ሰምቷል፣ ሰምቶም ይዞታል። ብረቱን አውልቆ ነው የሄደው። መርፌው አልሳተበትም፤ ቀጥ ብሎ በሸንተረሩ ላይ አልፎ ይሄኔ ሚዶው ድንጋይ ዘንድ ደርሷል።

እዚያ ታደሰ የለም። ያለው ጣሳው ነው፣ ጣሳው ውስጥ ደግሞ ሚዶዬ። አልነገርኩህም እንዴ? የአርባህ ዕለት ሄጄ ሚዶውን መልሼ አስቀመጥኩ፣ ዶቃዬን ወሰድኩ፤ አሁን አንገቴ ላይ ነው። ተፈራ ታደሰን አጥቶ ሚዶውን ብቻ ሲያይ ሁሉ ነገር ይገለጥለታል። ታደሰን እንደሸሸግሁበትም፣ ጠዋት በሩ ላይ ለምን ዝም እንዳልኩም። እየተመለሰ ነው፤ ምናልባት ሚዶዬን በኪሱ ይዞ።

ኮምፓስህን ወሰደ፣ ሽጉጡን ተካ።

አውርጄ ያዝኩት፣ አልዋሽህም። ይከብዳል፣ ደግሞ እንዴት ይቀዘቅዛል። በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ልጠብቀው አሰብኩ። ከዚህ ርቀት ማን ይስታል? ከዚያ አንተ መጣህብኝ፤ በጉሙ ውስጥ ነጠላዬን ይዘህ ስትጎትተኝ፣ ስትጮህብኝ። መልሼ ሰቀልኩት። እሱ የሰቀለበት ሚስማር ላይ፣ እሱ እንደሰቀለው።

ለዘነቡ ነግሬያታለሁ፤ አሁን ሮጬ ሄጄ ነው የተመለስኩት። እጄን ሳመችው። ጉሙ ሳይነሳ ታደሰን ይዛ በደብረ ሲና በኩል ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ከጉድጓዱ ወጥቶ በእግሩ ሲቆም አየሁት፤ እንዴት ረዝሟል መሰለህ። እኔም አሊዩ አምባ ወርጄ ብሩክን ይዤ ልሂድ። ሰይድ ወደ አዋሽ በኩል ግመል የሚነዱ ዘመዶች አሉት፣ ቸግሮኝ ብመጣ እንደማይመልሰኝ አውቃለሁ። ቤቱ ይቅር። ማፍሰሱም ይብቃው። ያስለቀሰኝ መቃብርህ ነው፤ ለተዝካርህ ቀን ማን አፈሩን ያቃናልህ ይሆን? እኔ የትም ብሆን ስምህን አስጠራለሁ፣ ቆላም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም።

ይህን ደብዳቤ ቤት ትቼው አልሄድም፤ የሰው ስም ጽፌበታለሁ። ይዤው ብዞር ደግሞ ኬላ ላይ ይፈትሹኛል። የት እንደማስቀምጠው አሁን መጣልኝ። ተፈራ የሚመለሰው በሸንተረሩ በላይ ነው፤ እኔ የምወርድበት የአህያ መንገድ ደግሞ ከሚዶው ድንጋይ ሥር ነው የሚያልፈው። አንድ ጊዜ የፈተሸውን ጣሳ ተመልሶ አይፈትሽም። ሚዶዬን ወስዶ ባዶውን ከተወው፣ እሱ ያልተካውን እኔ እተካለሁ፤ ይህን ወረቀት አጥፌ እከተዋለሁ። ከገበሬው የሚነካው የለም። ጣሳው መጀመሪያውኑ ያንተ ነው፣ ደብዳቤውም ያንተ ነው፣ ቦታውን ማንም አይነግርህም።

ጉሙ አሁንም አልተነሳም። ለመንገዱ ኮምፓስ የለኝም፤ እሱ ይዞታል። በሶዬን ቋጥሬያለሁ፣ የብሩክን የጥጥ ክር ብብቴ ውስጥ ከትቻለሁ። የሽንኩርት ቢላዬን ከመቀነቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የቤቱንም ቁልፍ በሩ ላይ እተወዋለሁ። ብረት ይዤ አልሄድም፣ ደምሴዬ። የነገርከኝን ሰምቻለሁ፣ እስክሞት አልረሳውም።

ያንተዋ የሺ